ከኳስ ላይ የወደቀችው ድምፅ

ገዋኔ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚንቀሳቀሱት ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትና ከጅቡቲ የሚመለሱት ከባድ መኪኖች ናቸው፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ጥላ ያገኘ ደግሞ ይጨዋወታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ቀትር፣ የአየሉ ተራራ በሙቀቱ ብዥታ ውስጥ ደብዝዞ እየታየ፣ ከግብርና ኮሌጁ ተማሪዎች ጋር አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የያዙት ክርክር አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ የድሮዎቹ ይበልጣሉ ወይስ የዛሬዎቹ?

አንዱ መንግሥቱ ወርቁን አነሣ። ሌላው ሳላዲን ሰይድን አነሣበት። ከጥግ የተቀመጠ ልጅ፣ “አበበ ቢቂላ በሮም በሮጠበት ሰዓት ዛሬ ቢሮጥ ማን ያየዋል?” ብሎ ቤቱን አናወጠው። ጩኸቱ ጋብ ሲል እስከዚያ ዝም ያለ የአፋር ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ጋሼ፣ የእኛ አባቶች ኮዕሶ ሲጫወቱ እንኳን ዳኛ፣ የሜዳው ዳር ራሱ አልነበረም” አለኝ። ቃሉን ሲጠራ መካከሏን ከጉሮሮው ሥር አወጣት። ይህን ጊዜ ከመቐለ የመጣች ተማሪ ቀና ብላ፣ “እኛም እኮ ኩዕሶ ነው የምንለው” አለች።

ሁለቱ ተያዩ። እኔም የክርክሩን ጉዳይ ረስቼ ቃሉን ይዤ ቀረሁ።

ኮዕሶ፣ ኩዕሶ፣ ኳስ። ሦስቱ አንድ ቃል ናቸው። አፋርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ትግርኛና አማርኛ ደግሞ ከሴም ወገን ናቸው። ቃሏ ግን የቤተ ሰብ አጥር ዘልላ ሦስቱም ቤት ገብታለች። ልዩነታቸው በመካከል ያለችው “ዕ” ናት። አፋርኛና ትግርኛ ይህችን የጉሮሮ ድምፅ ዛሬም ይጠሯታል። አማርኛ ጥሏታል፤ ሲጥላት ግን ምልክት ትታለች። ግእዝ “ሰምዐ” ያለውን እኛ “ሰማ” እንላለን፣ “በልዐ” የነበረው “በላ” ሆኗል። “ዐ” ስትወድቅ ከፊቷ ያለው ፊደል “ኣ” ብሎ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ኳስ ላይም የሆነው ይኸው ነው፤ “ኳ” ውስጥ የምንሰማው “ኣ” የወደቀችው ድምፅ ኮቴ ነው። አንድ ሕፃን በየትኛውም መንደር “ኳስ!” ብሎ ሲጮህ ራሱ የማያውቃትን ፊደል ዱካ ይጠራል።

የአፋር ስም ራሱ በዚህች ድምፅ ይጀምራል። ሕዝቡ ራሱን ሲጠራ “ዐፋር” ብሎ ከጉሮሮ ነው፤ በአማርኛ “አፋር” ብለን አለሳልሰነዋል። ዲሚስና ሬዶ የተባሉ ምሁራን የአፋርኛን የላቲን ፊደል ሲቀርጹ ለዚህች ድምፅ በሌሎች ቋንቋዎች “ቀ” ተብላ የምትነበበውን ፊደል መደቡላት። ስለዚህ በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ የክልሉን ስም አይቶ “ቃፋር” ብሎ የሚያነብ እንግዳ አይጠፋም። ኮዕሶም በዚያው ፊደል ትጻፋለች፤ የማያውቅ ሰው “ኮቅሶ” ብሎ ያነባታል። የኮሌጁ ልጆች ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ የአፋሩ ልጅ ግን አልሳቀም፤ ብዙ ጊዜ እንዳጋጠመው ያስታውቃል።

በዚያው በረንዳ ላይ አንድ የኦሮምኛ ተናጋሪ “ኩባ” አለ፣ አንድ የሶማሊኛ ተናጋሪ “ኩበድ” አለ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከትለው የመጡ ናቸው። በደጋው የገና ጨዋታ ላይ በዱላ የምትመታዋ ድቡልቡል ነገር “ሩር” ትባላለች፤ “ገና” የሚለው ስም ደግሞ ልደትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ አያቶቻችን የሚጫወቱበት ነገር እንደ ጨዋታው ስሙም ይለያይ ነበር። የአፋሩ ኮዕሶ ከፍየል ቆዳ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝና የሚቀማ፣ በገላጣው ሜዳ ላይ ሩጫና ትግል የተቀላቀለበት የጎልማሶች ጨዋታ ነው። ለኮዕሶ ጎበዝ የሚፈለገው ጥበብና ለእግር ኳስ ጎበዝ የሚፈለገው ጥበብ አንድ አይደለም። ቃሉ አንድ መሆኑ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ እንድናስቀምጥ ይገፋፋናል፤ የድሮና የዘንድሮ ክርክር የሚጣመመውም ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የምናወዳድራቸው ሰዎች በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ቃሉ ውስጥ ያለው ነገር ግን ተለዋውጧል።

ለምሳሌ “ጎበዝ” የሚለውን እንውሰድ። ዛሬ ጎበዝ ተማሪ፣ ጎበዝ አጥቂ፣ ምሳውን የጨረሰ ሕፃንም “ጎበዝ!” ይባላል። ቀድሞ ግን ጎበዝ ማለት ለጦርነት የደረሰ ጎልማሳ ነበር፤ የጎበዝ አለቃም የእነዚህ ጎልማሶች መሪ ነው። በስብሰባ መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ “ጎበዝ፣ ምን ይሻለናል?” ሲል የሚጠራው ያንን ጉልበት ያለውን ወገን ነው። ስለዚህ አባቶች ስለ አንድ ተጫዋች “እሱ ጎበዝ ነበር” ሲሉ ልጆች “ኳስ ይችል ነበር” ብለው ይሰማሉ፤ አባቶች ግን ስለ ልቡም እየተናገሩ ነው። በአንድ ቃል እየተናገሩ ሳይገናኙ ያመሻሉ።

“ተጫዋች” ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በአማርኛ መጫወት ኳስ ማንከባለል ብቻ ሳይሆን ማውጋትም ነው። እንግዳ ሲመጣ “እስቲ ተጫወት” እንለዋለን፤ ዝም ያለ እንግዳ ያስጨንቀናል። በዚህ ቃል ውስጥ ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ መልስ ይፈልጋል፣ ተመልካች ይፈልጋል። ምናልባትም የቀድሞዎቹን ኳስ ተጫዋቾች በወሬ የምናኖራቸው ለዚህ ይሆናል። የመንግሥቱ ወርቁን ጨዋታ በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ገዋኔ ላይ ተቀምጠው አገባብ አገባቡን ይተርካሉ፤ ጨዋታው በወግ ቀጥሏል ማለት ነው።

“አትሌት” ግን እንዲህ አይደለም። ሥሩ በግሪክ ቋንቋ ለሽልማት የሚደረግ ግጥሚያ ነው። በሌላው ዓለም ዋናተኛውም፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ ዝላይ ዘላዩም አትሌት ነው። እኛ ዘንድ አትሌት ሲባል ሯጭ ነው የሚታየን። ለዚህ ትርጉም መጥበብ ምክንያቱ ከሮም ጀምሮ በዓለም ፊት ያቆሙን ሯጮች መሆናቸው ነው፤ አንድ ሕዝብ የተዋሰውን ቃል በራሱ ሰዎች ልክ ሰፋው። “ሯጭ” ግን የአገር ቤት ቃል ነው። ግእዙ “ሮጸ” ይላል፣ አማርኛ “ጸ”ን ወደ “ጠ” ለውጦ “ሮጠ” አለ፣ አድራጊውን ሲሰይም ደግሞ “ጠ”ን ወደ “ጨ” አዙሮ “ሯጭ” አለ። ዛሬ “ሯጭ” ብሎ መጥራት ከ“አትሌት” ያነሰ የሚመስላቸው ጋዜጠኞች አሉ። እኔ አይመስለኝም።

በረኛውስ? ከቀድሞ ሬዲዮ አድማጮች ጋር ብትቀመጡ “በረኛ” ይላሉ፤ የዛሬ ዘጋቢዎች “ግብ ጠባቂ” ይላሉ። በረኛ የግቢ በር የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ጣልያኖችም በረኛቸውን የሚጠሩት በር ከሚለው ቃላቸው አውጥተው ነው። “ግብ” በግእዝ ጉድጓድ ነው፤ ዳንኤል የተጣለበት የአንበሶች ጉድጓድ “ግበ አናብስት” ይባላል። ማሊያ ከጣልያንኛ መጥቷል። ሻምፒዮን የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ሜዳ ላይ የሚፋለም ሰው ማለት ነው። እነዚህን በዚህ አልፋለሁ፤ ልቤ ያለው ዋንጫ ላይ ነው።

ዋንጫ ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነው። የበሬ ቀንድ ተፍቆ፣ ተወልውሎ፣ ጠጅ ይቀዳበታል። ኦሮምኛም “ዋንጫ” ይለዋል። በግብር ጊዜ ዋንጫ ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ ይታያል፤ የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው ክብር በዚያች ቅጽበት ይለካል። እግር ኳስ ሲመጣ የብሩ ሽልማት ስም ፈለገና ይህን አገኘ። እንግሊዞችም ሽልማታቸውን የሚጠሩት በመጠጫ ስም በመሆኑ ትርጉሙ ቀላል ነበር፤ የአማርኛው ቃል ግን ከእንግሊዝኛው ኩባያ ይልቅ ብዙ ነገር ይዞ መጣ። አጋፋሪው፣ አዳራሹ፣ ሰጪና ተቀባዩ ሁሉ አብረውት መጡ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ የታየው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ተብላ የምትጠራው፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ወስዳለች። ሁለት ጊዜ መራች። ተክሌ ኪዳኔ አንድ ጊዜ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሌላ ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፣ መጨረሻ ላይ መንግሥቱ ወርቁ ጨመረ፤ 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፣ በኋላ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመራው።

አሁን ወደ በረንዳው ክርክር እንመለስ። የሳላዲን ደጋፊ የሆነው ልጅ እንዲህ አለ፦ “ያኔ አራት ቡድን ነበር። ሁለት ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ።” ልክ ነው። ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና ግብፅ ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለመጨረሻው ደረሰች። በ2013 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ የተሰለፉት 16 ነበሩ። እዚያ ለመድረስ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ነበረባቸው፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፣ ከሜዳ ውጪ የገቡት ሦስት ጎሎች አሳለፏቸው፣ የ31 ዓመት ናፍቆት አበቃ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከያኔዋ የዋንጫ ባለቤት ከዛምቢያ ጋር በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ።

የመንግሥቱ ደጋፊ ዝም አላለም። “መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አለው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ያህል ያገባ ኢትዮጵያዊ ጥራልኝ” አለ። ይህም ልክ ነው። ፍርድ ከተጠየቅሁ እኔ ከመንግሥቱ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ግን የጎሉ ብዛት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ማለት ገና የቤት ቃል ነበር፤ ያ ትውልድ ሽልማቱን በአገሩ አዳራሽ ሥርዓት፣ በአገሩ ሰው ፊት ተቀበለ። የ2013ቱ ትውልድ የተጫወተው ቃሉ ከጠጁ ተለይቶ የዓለም ንግድ ሸቀጥ በሆነበት ዘመን ነው። የሁለቱን ላብ ማወዳደር ይቻላል፤ የተጫወቱለት ዋንጫ ግን አንድ አይደለም።

ተማሪዎቹ የሚማሩበት ኮሌጅ ስም ውስጥ “ሥልጠና” የሚል ቃል አለ። በየቀኑ ከበሩ ላይ ያነቡታል። ይህ ቃል በግእዝ ሥልጣን ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው፤ ሠለጠነ ማለት ኃይል አገኘ፣ ገዛ ማለት ነበር። ዐረቦች “ሱልጣን” የሚሉትም የዚሁ ዘር ነው። ገዋኔ ላይ ይህን ስናገር አውሳ ሩቅ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ፤ የአውሳ ገዢ በአፋርኛ “አሞይታ”፣ በዐረብኛው ደግሞ ሱልጣን ይባላል። እንግዲህ አሠልጣኝ በቃሉ ሥር ኃይልን የሚሰጥ ሰው ነው። የድሮዎቹ በተፈጥሮ ብቻ፣ የዛሬዎቹ በሥልጠና ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጥኖታል። ባዶ እግሩን ሮጠ ማለት ሳይሠለጥን ሮጠ ማለት አይደለም።

የአበበ ነገር ወደ መጨረሻው ቃል ያደርሰኛል። ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ ቆጥሮ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በዘመኑ ከዚህ ፈጥኖ ማራቶን የጨረሰ ሰው አልነበረም። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጠች። የቶኪዮውን አበበ በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች ማለት ነው። በእግሯ ያጠለቀችው ጫማ 138 ግራም ይመዝናል። ሮም ላይ የአበበ እግር ያረፈው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ጥርብ ድንጋይ ላይ ነበር።

በረንዳው ላይ ይህ ሲነገር ዝምታ ሆነ። አበበን ያቃለለው ልጅ እንኳ በዚህ አልተደሰተም።

እኛ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ያለን ቃል “ክብረ ወሰን” ነው። እንግሊዝኛው “ሪከርድ” ይላል፤ የዚያ ቃል ሥር በላቲን ልብ ነው፣ ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ፤ ከዚያ መመዝገብ ማለት ሆነ። አማርኛው ግን ማስታወስንም መመዝገብንም ትቶ መሬት ላይ ወረደ። ወሰን የመሬት ዳርቻ ነው፤ ገበሬ በድንጋይ የሚያመለክተው። ወሰነ፣ ውሳኔ የሚሉትም ከዚሁ ይወለዳሉ፤ መወሰን ዳር ማበጀት ነውና። ክብረ ወሰን እንግዲህ የክብር ዳርቻ ነው፤ ሰው እስከዚህ ደርሷል የሚል ድንጋይ።

በቃሉ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ዘጋቢዎቻችን “ክብረ ወሰን ሰበረ” ይላሉ። ይህ ሰበረ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ነው። በአማርኛ ወሰን ይገፋል፣ ይታለፋል፣ ይነቀላል፤ አይሰበርም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የተሰበረ ነገር ይጣላል። ወሰኑ የተገፋ መሬት ግን ሁሉም እንዳለ ነው፤ ፊተኛው የመነጠረው በአዲሱ ዳርቻ ውስጥ ይኖራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰኑን በሁለት ሰከንድ ሲያጣ፣ ትዕግሥት ስትገባ፣ ሁሉም ከሮም በተጀመረው እርሻ ላይ ነው ያረሱት። “ሰበረ” የሚል አንደበት አበበን ከቁጥር ያወጣዋል። “ገፋ” የሚል አንደበት ሁሉንም ያኖራቸዋል። ለዚህ ነው ጋዜጠኞቻችን ቃሉን እንዲያስተካክሉ አጥብቄ የምለምነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጆቹ ተነሥተው ወደ ሜዳ ሄዱ። የአፋሩ ልጅ በረኛ ነበር። ከመሄዱ በፊት፣ “በኮዕሶ ኳሷን ቀምቶ የሚያመልጠው ሰው በአፋርኛ የራሱ ስም አለው?” ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ፣ “አያቴን ጠይቄ እነግርዎታለሁ” አለኝ። ማታውኑ መኪና ስለተሳፈርሁ መልሱን አልሰማሁም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የገዋኔ፣ የአሚባራ፣ የሚሌ፣ የሰመራ ልጆች፣ ኮዕሶን የተጫወቱ አያቶች ያሏችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የሚቀማው ምን ይባላል? የሚከላከለውስ? ኳሷን የሚሰፋው? ከሁሉ የበለጠው ሰው በምን ስም ይጠራ ነበር? የነገሯችሁን ቃል ከነጉሮሮ ድምፁ ጻፉት፤ “ዕ”ዋን አትጣሉብን።